በመስታወት ላይ የተገኘ ትንፋሽ

«ለመላው የከተማችን ነዋሪዎች! በተሽከርካሪ መስታወት ላይ የሚያርፍ የሰው ትንፋሽ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ መስታወት ላይ እንደተለጠፈ ጥቁር ላስቲክ የሚቆጠር መሆኑን የመስታወት ጥራት ባለሥልጣን በጥልቅ የኃላፊነት ስሜት ያስታውቃል። መተንፈስ አልተከለከለም። የተከለከለው ትንፋሽን መስታወት ላይ ማሳረፍ ነው። ተሳፋሪዎች ወደ ጉልበታቸው አቅጣጫ እንዲተነፍሱ ይመከራሉ። ሙሽሮች፣ ሐዘንተኞችና ሥራቸው ምን እንደሆነ የማይታወቅ የሥራ ኃላፊዎች እንደ ወትሮው በፈለጉት አቅጣጫ መተንፈስ ይችላሉ።»

ማስታወቂያው በሬዲዮ በዋሽንት ታጅቦ ተነበበ። የተገረመ ሰው አልነበረም። መገረም ድሮ ቀረ።

ድሮ፣ አያቶቻችን በነበሩበት ዘመን፣ ሕጉ የሚለው የፊት መስታወት አይጨልም ብቻ ነበር አሉ። ትራፊኩ ሾፌሩን ማየት አለበት፤ ይኼ ምን ክፋት አለው? ከዚያ የኋላው መስታወት ተጨመረ፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ምን የሚደብቀው ነገር አለ? ከዚያ በሩ ራሱ መስታወት ሆነ፤ በዚያ ዓመት የከተማው ሕዝብ እርስ በርሱ ካልሲ ለካልሲ ተያየ፤ የካልሲ ነጋዴዎችም ፎቅ ሠሩ። ጣሪያውና ወለሉ ተከተሉ። ዛሬ ከድልድይ ላይ ሆኖ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው መኪና የሚባል ነገር አይታየውም፤ የሚያየው እንደተቀመጠ አስፋልት ላይ የሚንሳፈፍ ሕዝብ ነው።

መኪና ራሱን መንዳት ከጀመረ ቆይቷል፤ መንጃ ፈቃድ ግን አልቀረም። አሁን የሚፈተነው አቀማመጥ ነው። ፈቃዱን የተነጠቀ ሰው ጎማ ባለው ነገር ሁሉ ላይ መቀመጥ አይችልም፤ አውቶቡስም ቢሆን።

ከሁሉ የከበደው ሰላምታው ነው። የሚያውቁትን ሰው አይቶ እንዳላዩ ማለፍ ነውር ነው፤ በመስታወት መኪና ደግሞ «አላየሁህም እኮ» ብሎ ማመካኘት አይቻልም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሳር ቤት አደባባይ ላይ ሕዝቡ ግራና ቀኝ እጅ ሲነሣ ይቆያል፤ የአንገት ሐኪም ዘንድ ወረፋ ለማግኘት ዘመድ ያስፈልጋል። መኪናው ውስጥ ሳምቡሳ የሚበላ ሰው ሳምቡሳውን ከፍ አድርጎ በዙሪያው ላሉት ሁሉ «እንብላ» ይላል። እነሱ ደረታቸውን ነካ አድርገው «ብሉ፣ ይባረክ» ይላሉ። እሱ ደግሞ «በሞቴ!» ይላል። ሳምቡሳው ይቀዘቅዛል። ባልና ሚስትም መኪና ውስጥ አይጣሉም ማለት አይደለም፤ ይጣላሉ፤ ጥርሳቸውን እያሳዩ። «የመኪና ፈገግታ» ይባላል፤ ከጋብቻ በፊት ሥልጠና ይሰጥበታል።

መኪና ውስጥ የሚያለቅስ ሰው ግን የለም። የከለከለው ሕግ ኖሮ አይደለም፤ ይሉኝታ በቂ ነው።

ማስታወቂያው ሥራ ላይ በዋለበት ሳምንት፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ አቶ ያፌት የተባሉ ሰው ሳር ቤት አደባባይ ላይ አለቀሱ።

አቶ ያፌት የጀሞ ነዋሪ ናቸው። ፒያሳ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ቅሬታ ተቀባይ ሆነው ይሠራሉ፤ ሰው ለምን እንደዘገየ፣ ለምን እንደረሳ፣ ለምን እንደተናደደ ቀኑን ሙሉ ሲያስረዳቸው ይውላል። ትዳር አላቸው፣ የቀኝ ጉልበታቸው ያማቸዋል፣ ከዚህ ሌላ ስለ እሳቸው የሚወራ ነገር የለም። የዚያን ቀን ወደ ቤት እየተመለሱ ነበር። መኪናዎቹ ቆመዋል። አቶ ያፌት ዝናቡን ያዩ ነበር፤ ከዚያ ዝናቡን ማየት ተዉ፤ ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ከጎናቸው የቆመው መኪና ውስጥ እትዬ ሶሊያና ነበሩ፤ የሠፈራቸው ሰውና የእድራቸው አባል። እጅ ሊነሡ ጎንበስ ሲሉ እንባውን አዩት። እትዬ ሶሊያና ጨዋ ሰው ናቸው፤ ሐዘን የገባውን ሰው «ማን ሞተብህ?» ብሎ የሚጠይቅ የት ያደገ ነው? የጆሮ ጌጣቸውን አወለቁ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና መኪናቸውን «ተከተለው» አሉት።

የተዘቀዘቀ ነጠላ በመስታወት መኪና ውስጥ ከሩቅ ይታያል። ከኋላቸው የነበሩት አንድ የእድር አባል አዩና ተከተሉ። ከእሳቸው ኋላ የነበረ አንድ የማያውቃቸው ሰውም፣ ለቅሶ የሚሄዱ ሰዎችን አይቶ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ መሄድ ከበደውና ተከተለ። መካኒሳ ሲደርሱ ሰልፉ ከአንድ ባለሥልጣን አጀብ ይረዝም ነበር።

አቶ ያፌት ቀና ቢሉ በግራም በቀኝም ከንፈሩን የሚመጥ ሕዝብ አዩ። ድምፁ አይሰማም፤ ከንፈሩ ብቻ ነው የሚታየው። አንዲት ሴትዮ በመስታወት ውስጥ «አይዞህ፣ አይዞህ» እያለች እጇን ታወዛውዛለች። አቶ ያፌት ፊታቸውን ወደ ቀኝ ቢያዞሩ ሰው ነው፤ ወደ ታች ቢደፉ በመስታወቱ ወለል ሥር ከአስፋልቱ ላይ ቀና ብሎ የሚያያቸው የገዛ ፊታቸው ነው። ያን ጊዜ ወደ ጎኑ መስታወት ተጠጉ፤ አፋቸውን ከፈቱና «ሃ» አሉ።

መዳፍ የምታህል ጉም መስታወቱ ላይ አረፈች። ደገሙ። ሠለሱ። መስታወቱ እንደ ወተት እስኪነጣ ድረስ ተነፈሱበት፤ ከዚያ ከጉሙ ጀርባ ተሸሸጉ። እዚያ ምን እንዳደረጉ የሚያውቅ የለም። ባለሥልጣኑን ያስቆጣውም ይኸው ነው።

ወሬው ቀድሟቸው ኖሮ፣ ጀሞ ሲደርሱ የለቅሶ ድንኳን ደጃቸው ላይ ተተክሎ ጠበቃቸው። ድንኳን ገና በመስታወት አልተተካም፤ ረቂቁ ምክር ቤት ነው ያለው። አግዳሚው ተደርድሯል፣ ንፍሮው ወጥቷል፣ ሴቶቹ በአንድ ወገን ወንዶቹ በሌላ ወገን ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሐሴት መሀል ላይ ሆነው ያለቅሳሉ። ባላቸው ሲገቡ ተነሥተው አንገታቸው ላይ ተጠመጠሙ።

«ማነው?» አሉ በጆሯቸው።

«ማን?»

«አትደብቀኝ፤ ልቤ ጠንካራ ነው። አባቴ ነው አይደል?»

«አባትሽማ ያውና፤ ንፍሮ እየበሉ ነው።»

ወይዘሮ ሐሴት ዞር ብለው አዩ። አባታቸው እውነትም ጥግ ላይ ተቀምጠው እየበሉ ያለቅሱ ነበር።

«እሱስ ለማን ነው የሚያለቅሰው?»

«ጠይቂያቸው።»

«እንዴት ተደርጎ ይጠየቃል?» አሉ ወይዘሮ ሐሴት፣ ተቆጥተው።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ኪሩቤል አቶ ያፌትን በክንዳቸው ይዘው ወደ ድንኳኑ ጥግ ወሰዷቸው። ጋሽ ኪሩቤል ሽማግሌ ናቸው፤ ከሐዘን ደንብ በቀር የሚያስጨንቃቸው ነገር የለም።

«እግዜር ያጽናህ ልጄ። ቀብሩ ነገ ነው ከነገ ወዲያ?»

«ጋሽ ኪሩቤል፣ የሞተ ሰው የለም።»

«ይገባኛል። መጀመሪያ ላይ እንደዚህ ነው፤ ማመን ያቅታል።»

«እውነቴን ነው። ማንም አልሞተም።»

ሽማግሌው ድንኳኑን አዩ። የንፍሮውን ድስት አዩ። እንደገና አቶ ያፌትን አዩ።

«ታዲያ ለምንድነው ያለቀስከው?»

«እንዲሁ።»

«እንዲሁ የሚባል ሟች በደንባችን ላይ የለም ያፌት። ሟች ሳይኖር ድንኳን ከተተከለ ሟርት ነው። ያስተከለውም ከእድሩ ይሰረዛል።»

«እኔ መች አስተከልኩ?»

«እንባህ አስተክሏል!» ጋሽ ኪሩቤል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አሁን እኔና አንተ ተባብረን አንድ ነገር እንፈልግ። አንዲት አክስት አልነበረችህም? ጅማ ያለችው?»

«አለች።»

«አለች ስትል?»

«ደህና ናት። ትናንት ደውላልኝ ነበር።»

«ዕድሜዋስ?»

«ዘጠናን አልፋለች።»

«ዘጠናን…» አሉ ጋሽ ኪሩቤል ጢማቸውን እየዳሰሱ። «እንግዲህ ዛሬም ባይሆን…»

«ጋሽ ኪሩቤል!»

«ይቅር በለኝ፣ ይቅር በለኝ። እኔማ ለድንኳኑ ብዬ ነው።»

በዚህ መሀል የባለሥልጣኑ ተቆጣጣሪ ገባ። ጓንጉል ይባላል፤ ወጣት ነው። የደንብ ልብሱ እንደ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ከውስጥ እናቱ የሠራችለት ሹራብ ይታያል። ሐዘን ቤት ገብቶ ወዲያው ክስ ማንበብ ነውር ስለሆነ «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ተቀመጠ። ንፍሮ ቀረበለት፤ ቆነጠረ። ደግሞ ቀረበለት፤ ደግሞ ቆነጠረ። በቂ ያዘነ ሲመስለው ተነሣና ወደ አቶ ያፌት መጣ።

«ጋሼ፣ በዚህ ሰዓት መምጣቴን ይቅር ይበሉኝ። ትንፋሽ ተገኝቶብዎታል።»

«አውቃለሁ።»

«ሳያስቡት ነው ወይስ ሆን ብለው?»

«ሆን ብዬ ነው።»

ጓንጉል አዘነ። ክሱን የሚያምን ሰው ገጥሞት አያውቅም፤ የሠለጠነው ለሚክድ ሰው ነው።

«መቼም ሐዘንተኛ ነዎት፤ እዳው ገብስ ነው። የሟቹን ስም ይጥሩልኝና አርባ ቀን ጥቁር መስታወት እፈቅድልዎታለሁ።»

«የሞተ ሰው የለም።»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ንፍሮ ማኘክ አቆመ። ጋሽ ኪሩቤል ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«የሞተ ከሌለ…» አለ ጓንጉል፣ «ማብራሪያ ይሰጡኛል። ለምን እንዳለቀሱ፣ ከጉሙ ጀርባም ምን ሲያደርጉ እንደነበረ። እሱ መስታወትዎ ላይ ይለጠፍና ያልፋል። አጭር ካደረጉት ጥጓ ብቻ ናት የምትያዘው።»

ማብራሪያ ከተማው ውስጥ የታወቀ ነው። የሚለጠፈው በትልልቅ ፊደል ነው፤ መንገደኛ ሁሉ እንዲያነበው። አንዳንድ ብልጦች ግን ማብራሪያቸውን ከአያት ቅድመ አያታቸው ይጀምሩና መኪናቸው በአራቱም ወገን በጽሑፍ ይሸፈናል፤ ውስጡ አይታይም፤ ሕጋዊ ነው።

«ባላብራራስ?» አሉ አቶ ያፌት።

«ፈቃድዎን እወስዳለሁ።»

«ከጀሞ ፒያሳ በእግር ማለት ነው።»

«ማለት ነው። ጉልበትዎ እንዴት ነው?»

«ያመኛል።»

«ሲቀመጡ አይቼ ገምቻለሁ» አለ ጓንጉል፣ ከልቡ አዝኖ። «እንግዲያው ያብራሩ ጋሼ። ሰው ይሰማዎታል፣ ይረዳዎታል። እናቴ ትሙት፣ የብዙ ሰው ማብራሪያ ሰምቻለሁ፤ የማይረዱት የለም።»

«እኔም የብዙ ሰው ሰምቻለሁ» አሉ አቶ ያፌት።

ወይዘሮ ሐሴት ተነሡ፣ ባላቸውን እጃቸውን ይዘው ወደ ማድ ቤት አስገቡና በሩን ዘጉ። ማድ ቤቱ የጡብ ግድግዳ አለው፤ መብራቱም ደካማ ነው።

«ታመሃል?»

«አልታመምኩም።»

«ከሥራ አባረሩህ?»

«አላባረሩኝም።»

«ሌላ ሴት አለች?»

«በየትኛው መኪና?»

ወይዘሮ ሐሴት ሳቁ፤ መሳቃቸው አናደዳቸውና የባላቸውን ትከሻ መቱ። ከዚያ ፊታቸውን ቀረብ ብለው አዩ። ሃያ ምናምን ዓመት አብረው ኖረዋል። ይህን ፊት ግን በደህና ብርሃንም ቢሆን አይተውት አያውቁም።

«ለእኔም የማይነገር ነው?»

አቶ ያፌት የሽንኩርቱን መክተፊያ ያያሉ።

«እሺ» አሉ ወይዘሮ ሐሴት። «እንግዲያው አንተ ዝም በል። እኔ እጨርሰዋለሁ።»

ወጡና ድንኳኑ መሀል ቆሙ። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«የሞተው» አሉ፣ ድምፃቸው ሳይንቀጠቀጥ፣ «ሚኪያስ ነው።»

ድንኳኑ ሁሉ እፎይ አለ። ወዲያው ልቅሶው ቀለጠ፤ እስካሁን የተለቀሰው ለካ ማሟሟቂያ ነበር።

«የትኛው ሚኪያስ?» አሉ ጋሽ ኪሩቤል፣ ፊታቸው እያበራ።

«የልጅነት ጓደኛው። ረጅሙ።»

«ውይ ውይ ውይ! ረጅሙ ሚኪያስ!» እትዬ ሶሊያና ደረታቸውን ደቁ። «ሳቂታው?»

ወይዘሮ ሐሴት ትንሽ አሰቡ። «አዎ። ሳቂታው።»

«እኔን! ባለፈው እንኳ አደባባዩ ላይ እጅ ነሥቶኝ ነበር!»

የወይዘሮ ሐሴት አባት የንፍሮ ሳህናቸውን አስቀመጡ። ሚኪያስ አንድ ጊዜ መናኸሪያ ሻንጣቸውን ተሸክሞላቸው እንደነበር አስታወሱ፤ ስሙን አልነገራቸውም፣ ግን ረጅም ነበር። ጋሽ ኪሩቤል ሚኪያስ እድሩ ውስጥ ለመግባት ጠይቆ እንደነበርና ነገ ዛሬ ሲባል ሞት እንደቀደመው ተናገሩ። ከሳር ቤት ሳያውቅ ተከትሎ የመጣው ሰውዬ እንኳ፣ ዝም ማለት ስላልሆነለት፣ «ደግ ሰው አይበረክትም» አለ። ለቅሶ የምታወጣ አንዲት ሴትዮ ተነሥታ፣

«መልኩን ባላውቀውም ደግነቱን ሰማሁ፣
ላልቀመስኩት ጠላ ዛሬ ተጠማሁ»

ብላ አወጣች፤ ሰዉ ተንሰቀሰቀ። ከሚኪያስ በላይ የተለቀሰለት ሰው በዚያ ሠፈር አይታወስም። ጓንጉልም ዓይኑን በሹራቡ እጅጌ ጠረገ። ልጅ ሳለ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ረጅም ጎረቤት ነበራቸው፤ ኳሳቸውን ከቆርቆሮ ላይ ያወርድላቸው ነበር፤ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ጓንጉል ወደ አቶ ያፌት ቀረበ። እሳቸው ማድ ቤቱ በር ላይ ቆመዋል።

«ጋሼ፣ አለቀ። አንድ ቃል ብቻ ከአፍዎ ልስማ። ‹ያለቀስኩት ለሚኪያስ ነው› ይበሉ። አርባ ቀን ጥቁር መስታወት። ጋቢ ለብሰው፣ ጫማ አውልቀው፣ እንደፈለጉ እየተነፈሱ። ማንም አያይዎትም።»

«ማንም?»

«ማንም። እኔም።»

ሰዉ ሁሉ ፊቱን ወደ አቶ ያፌት አዞረ። ጋሽ ኪሩቤል በጉጉት አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ወይዘሮ ሐሴት ከመሀል ሆነው በዓይናቸው «በል» አሏቸው። አቶ ያፌት ጉልበታቸውን አሹ፤ ለአርባ ቀኑም ልባቸው ዘንበል ብሎ ነበር። በሚኪያስ ላይ ምንም ቅሬታ የላቸውም፤ እንዲያውም ሲወራለት እየሰሙ ወደውታል።

«ጥሩ ሰው ነበር» አሉ።

«ነበር!» አለ ድንኳኑ በአንድ ድምፅ።

«ግን ያለቀስኩት ለእሱ አይደለም።»

ለቅሶ የምታወጣው ሴትዮ ግጥሟን ከመንገድ አቋረጠች። አንድ ሰው ንፍሮ ትን አለው። ጋሽ ኪሩቤል «ኧረ በማርያም! ኧረ ባክህ!» እያሉ አግዳሚው ላይ ዘፍ አሉ። ወይዘሮ ሐሴት ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳብ አደረጉ፤ ይሳቁ ያልቅሱ የሚያውቅ የለም።

«ታዲያ ለምን?» አሉ እትዬ ሶሊያና፣ ጨዋነታቸው አልቆ። «የጆሮ ጌጤን አውልቄ፣ በዝናብ ተከትዬህ! ለምንድነው ያለቀስከው?»

አቶ ያፌት ከኪሳቸው መንጃ ፈቃዳቸውን አወጡና ለጓንጉል ሰጡት። ልጁ ተቀብሎ ኪሱ አልከተተውም። እንደያዘው ቆመ።

«ጋሼ፣ እባክዎን ይንገሩኝና ልመልስልዎ» አለ። «አይለጠፍም። ለማንም አልናገርም። በጆሮዬ።»

ጆሮውን አቀረበ። ድንኳኑ ሁሉ አብሮ ዘመም አለ።

«አልናገርም» አሉ አቶ ያፌት።

«ለምን?»

«እሱንም አልናገርም።»